ያቀፍኳት ጅግራ

ልጄ የበኩር ልጇን የወለደችው እኔ ቤት ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት እንደሆነ። ቤታችን ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከጓሯችን ቀጥሎ የበቆሎ ማሳችን፣ ከማሳው ቀጥሎ ጫካው አለ። የልጄ ባል ያዮ ከተማ ግንበኛ ነው፤ የእኔም ባለቤት መቱ ከተማ ዘበኛ ነው። ስለዚህ አራሷን የምጠብቀውም፣ ማሳውን የምጠብቀውም እኔ ነበርኩ።

ለአራስ ከገንፎውና ከአጥሚቱ በኋላ የዶሮ መረቅ ይሰጣል። ዶሮ ግን አልነበረኝም። በጾሙ መሃል ፈንግል ገብቶ አንዲት ጫጩት ሳያስቀር ጠርጎ ወሰዳቸው፤ ጎረቤቶቼም እንደኔው ባዶ ቀሩ። ከገበያ እንዳልገዛ፣ በሽታ ሲገባ ሰው መጀመሪያ የሚሸጠው የታመመውን ነው ብዬ ፈራሁ። ልጄ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ጤና ጣቢያ ብንወስዳት «ደህና ናት፣ በደንብ ትብላ» ብለው ሸኙን። እኔ ግን አላመንኩም። ስትተኛ ትንፋሿን ለመስማት ጆሮዬን አፏ ድረስ አስጠጋ ነበር። ከንፈሯ ነጭ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ ጎረቤቴን አጠገቧ አስቀምጬ ማማዬ ላይ ወጣሁ። በቆሎው ገና ብቅ ማለቱ ነበር። ጅግራ በዚያ ጊዜ መንጋ ሆና ትመጣለች፤ ቡቃያውን በእግሯ ጭራ ከሥሩ ያለውን ፍሬ ትለቅማለች። ወንጭፍ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ላይ ነው። ወንድሞቼ «እሷን አታስቆጧት፣ ዓይን ታጠፋለች» ይሉኝ ነበር። ሌላ ቀን ድንጋዩን ከራሳቸው በላይ ነው የምሰደው፤ ጮኸው ከበረሩ ይበቃኛል። የዚያን ቀን ግን የልጄ ከንፈር ዓይኔ ላይ ነበርና ዝቅ አድርጌ ወረወርኩ።

መንጋው ተነሣ። አንዷ ቀረች። ለመብረር ዘለለች፣ ወደቀች፣ ከዚያ ክንፏን እየጎተተች ወደ ጫካው ሮጠች።

ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። «የቆሰለን ነገር አትከተይ» ይሉ ነበር። «ቁጭ በይ። ተከታይ ሲያጣ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ሄደሽ ታነሺዋለሽ። ከተከተልሽው ነፍሱ እስክትወጣ ይሮጣል። ሱታ፣ ሱታ።» ቀስ በይ ማለታቸው ነው።

ይህን አውቃለሁ። ግን ተኝታ ብትሞትስ? ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ በክት ደግሞ በክርስቲያን አፍ አይገባም። ከማማው ወርጄ ሮጥኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ዱካዋ ጭቃው ላይ ታትሟል፤ ከጎኑ የምትጎትተው ክንፍ እንደ መጥረጊያ የጫረው መስመር አለ። ቡናው ሥር ስንገባ ጭቃው በደረቀ ቅጠል ተሸፈነና ዱካው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመራኝ ደሟ ነው፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠብታ እዚህ ቅጠል ላይ፣ ሌላ ደግሞ እዚያ። ሦስት ጊዜ ደረስኩባት፤ ሦስቴም ተነሥታ ሮጠች። ሳማው እጄን ለበለበኝ። በመጨረሻ ጠብታውም ጠፋብኝና ደክሞኝ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ብልሃቱን ብዬ አይደለም፤ ጉልበቴ አልቆ ነው። ጫካው ዝም ሲል ጊዜ ከወደቀ ግንድ ሥር ቅጠል ኮሽ አለ። ራሷን ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ጀርባዋ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ያልታየች መስሏታል።

አነሣኋት። ልቧ መዳፌ ላይ ይመታል። ማጭዴ መቀነቴ ውስጥ ነበር።

ሴት አታርድም። ይህን ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ ሞክሬ ስለማላውቅ የከለከለኝም የለም። ቤት ወንድ ሲጠፋ ዶሮውን ይዘን ደጅ ቆመን መንገደኛ እንለምናለን፤ ሱሪ የታጠቀ ክርስቲያን ይሁን እንጂ ማንም ይሁን። ያን ቀን ደግሞ ገበያ ነበር፤ ወንዶቹ ሁሉ ወጥተዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ገበያ የማይሄዱት ጋሼ ብቻ ናቸው፤ ቤታቸው ግን ከወንዙ ማዶ ነው። የተሰበረ ክንፏን በነጠላዬ ጠቅልዬ አቀፍኳትና መንገድ ጀመርኩ።

አቀበቱ ላይ በቅሎውን እየነዳ የሚወርድ ሰው አገኘሁ። በየዓመቱ ቡናዬን የሚገዛኝ ነጋዴ ነው፤ እስላም ነው፤ ከቤተሰባችን ጋር በደጉም በክፉውም እንጠያየቃለን።

«እትዬ፣ አራሷ ደህና?»

«ደህና ናት፣ ይመስገን።»

እቅፌን አየ። «እርስዎም ወለዱ እንዴ? እንኳን ማርያም ማረችዎት ልል ነበር እኮ!»

ሳቅሁ። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ሳሳየው እሱ ሳቁን ተወ። ጣቱን ክንፏ ሥር አስገብቶ ዳሰሳት።

«አጥንቷ ወጥቷል። ያምጧት፣ ላሳርፋት።» እጁ ወደ ወገቡ ቢላዋ ሄደ።

«አይ ወንድሜ፣ አንተ ካረድካትማ… ታውቀው የለ። ለአራሷ ነው።»

«አውቃለሁ። ለሥጋዋ አይደለም የምልዎት፤ ለራሷ ነው። እየተሰቃየች ነው።»

«ጋሼ ቤት እደርሳለሁ። ቅርብ ነው።»

«ቅርብ እንኳ አይደለም፣ እትዬ» አለ በቀስታ። ትንሽ ጠበቀኝ። ሳልሰጠው ስቀር ቢላዋውን ተወና «እንዳሉ» ብሎ በቅሎውን ነዳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በደንብ አስታውሰዋለሁ። አፏን ከፍታ ትተነፍስ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ በተራመድኩ ቁጥር ክንፏ ይነቃነቅና ሰውነቷ ድርቅ ይላል። «አይዞሽ፣ ትንሽ ቆዪልኝ» እላታለሁ። የምለምናት እንድትኖር አልነበረም፤ ቢላዋ እስኪደርስ ሕመሟን እንድትችልልኝ ነበር። ሁለት ደጅ ላይ ተጣራሁ፤ ሴቶች ብቻ ወጡ። ወንዙን ተሻግሬ የጋሼ አጥር ሲታየኝ እግሯን ዘረጋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ከበደችኝ። አንገቷ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለ።

ቆምኩ። ከዚያ ከቅድሙ ፈጥኜ ተራመድኩ።

«ጋሼ፣ ቶሎ! ልትሞትብኝ ነው!»

ቀፎ እየሠሩ ነበር። «ምንድን ናት?»

«ጅግራ። ለአራሷ።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች» አልኩ። እጄን ከአንገቷ ሥር አድርጌ ራሷን ቀና አደረግሁት፤ ነቅነቅም አደረግሁት።

ቢላዋቸውን አምጥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ በስመ አብ ብለው አረዱ። ደሙ አልተረጨም፤ ወፍሮ ቀስ ብሎ ወረደ። እግሯም አልተራገጠም።

«ደሟ ምን ሆነ?»

«መንገድ ላይ ብዙ ፈሷታል፣ ጋሼ።»

«እህ» አሉና ቢላዋውን በሣር ጠረጉ።

ልጄ መረቁን ስትጠጣ ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ፤ ጣቷን ላሰች። «እማ፣ አንቺስ?» ስትለኝ «ሆዴን አሞኛል» አልኳት። ለአራጁ ድርሻ ይላካልና ለጋሼም ላክሁላቸው። ባልልክ ይጠረጥሩኛል፤ ብልክ ደግሞ በክት አበላቸዋለሁ። ላክሁ።

ከዚያ በኋላ ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር፣ ልጄ ራሴን ባለች ቁጥር፣ ያበላኋት ነው እል ነበር። ምንም አልሆኑም። ሕፃኗ ወፈረች፤ የልጄም ከንፈር ቀላ። እኔን ግን ይህ አላሳረፈኝም።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ደጃችን ላይ ሸራ ወጥረን እንግዳ ጠራን። ጋሼ ሲመጡ ከአጥሩ ውጭ ጠብቄ አስቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ ያቺ ጅግራ…»

«ሞታ ነበር» አሉ።

መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። «ያውቁ ነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳርድ ኖሬ ሕያውና ሙት የማልለይ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ፊትሽን አየሁታ። ልጅሽ ልትሞት የደረሰች መስሎሽ ነበር። ደግሞ አንገቷን እንዲያ ስታወዛውዢው እንኳን እኔ ጅግራዋም ሳታምን አትቀርም።»

«የላኩልዎትስ?»

«ውሻው እግዜር ይስጥልኝ ብሎሻል።»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። እሳቸውም ሳቁ። «በይ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ እኔም የእኔን እናገራለሁ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ። «እኔን ያሳዘነችኝስ ጅግራዋ ናት። ከጫካው ጀምሮ በዚያ ክንፏ… መንገድ ላይ አንድ የሚያሳርፋት ሰው አጣሽ?»

ነጋዴው ቀደም ብሎ ለሕፃኗ ስኳር ይዞ መጥቶ ነበር። ከሸራው ሥር ለስላሳ ቀርቦለት ከልጄ ጋር ሲጫወት በአጥሩ ክፍተት ይታየኛል።

«አላገኘሁም፣ ጋሼ» አልኩ።

«እውነትሽን ነው፣ ገበያ ነበር» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጀመሪያው ውሸቴ አላመኑኝም ነበር፤ በዚህኛው ግን አመኑኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ሸራው ገቡ። ነጋዴው ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸውና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። ሁለቱ ራስ ለራስ ገጥመው ሲያወሩ አየሁ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።