ጨምድዶ የያዘ

ሚኒባሱ ከቆቦ ከተነሳ ጀምሮ ዘኪያ በሙቀት ልትሞት ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ባለመነጽር ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ወረቀቱ እንዳይበርበት መስኮቱን ዘግቷል።

«ኧረ በአላህ፣ ወንድሜ፣ አየር!»

«የማነበውም ስለ አየር ነው፣ እትዬ» አለ ቀና ሳይል። «ሬኒየም የሚባል ብረት አለ፤ ናይትሮጅንን፣ ያንን ማዳበሪያ የሚሠራበትን አየር፣ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል።»

«ከዚያስ ማዳበሪያ ያደርገዋል?»

«የት አባቱ! ይዞት ቁጭ ነው። ይኸው ስንት ዓመት ለፋሁበት።»

«ሥራ ፈት ብረት!» አለች።

ሮቢት ላይ «ወራጅ አለ!» ብሎ ያስቆመው ራሱ ባለመነጽሩ ነው። ግን ሊያገኛት የመጣላትን ሴት ከመንገዱ ማዶ ልብስ ስታሰጣ ሲያይ፣ የሚኒባሱን በር ጨምድዶ ይዞ ቆመ። ረዳቱ ጮኸበት፤ ሾፌሩ ክላክሱን አስጮኸው። ፍንክች አላለም።

«እሺ፣ እሱስ ብረት ነው» አለች ዘኪያ ትዕግሥቷ አልቆ። «አንተን ምን ያዘህ?»