ጀርባ ሰርጓዳዋ ብስክሌት

ይግዛው ቁርሱን ተቀምጦ በልቶ አያውቅም። አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ፣ ሌላኛውን ጫማ በዓይኑ እየፈለገ፣ ቆሞ ነው የሚጎርሰው። ሚስቱ ደስታነሽ ሰሃኑን ይዛ ከኋላ ከኋላው እየተከተለች «አንተ ሰው፣ አንተን ሳይ እኔ ደከመኝ!» ትለዋለች። እሱ በሩን ከፍቶ ሰማዩን ያያል። ሰማዩ ቀላ ካለ ነገር አለቀ ማለት ነው፤ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይወጣል።

እንዲህ ያደረገው መንገዱ ነው። ከወሎ ተመድቦ ቢቸና ሲመጣ የሚያስተምረው እዚያው ከተማው ውስጥ ስለነበር ደወል ሲደወል ከቤቱ ተነሥቶ ይደርስ ነበር። በቢቸና ክሊኒክ ድሬሰር ከሆነችው ከደስታነሽ ጋር ተጋቡ። የሠርጉ ዳስ ገና ሳይፈርስ፣ በደብረ ወርቅ መንገድ ላይ ወደ ተከፈተች የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወረ። እሷ ክሊኒኩን ጥላ መሄድ አትችልም፤ እሱም ሥራውን ጥሎ መቅረት አይችልም። ስለዚህ በየማለዳው በእግሩ ይገሰግሳል፣ ማታም በእግሩ ይመለሳል። ባንዲራ ሳይሰቀል የደረሰባቸው ቀኖች አሉ፤ ያልደረሰባቸው ግን ይበዛሉ።

አንድ ቀን ላቡን እየጠረገ ግቢው ሲገባ ዳይሬክተሩ አቶ በላቸው ባንዲራው ሥር ብቻቸውን ቆመው ጠበቁት።

«መምህር ይግዛው፣ ልጆቹ መዝሙር ሲዘምሩ አንተ ከማዶ ጉብታው ላይ ብቅ ጥልቅ ትላለህ። ባንዲራውን ትተው አንተን ነው የሚያዩት። ‹ዛሬ ይደርሳል፣ አይደርስም› እየተባባሉ ይወራረዳሉ አሉ!»

«ጌታዬ፣ ባለቤቴ እኮ ቢቸና ናት።»

«የኔም ደብረ ማርቆስ ናት» አሉና ከኪሳቸው የዛገ ቁልፍ አወጡ። ከክፍሎቹ ጀርባ ያለችው ባዶ የመምህር ቤት ቁልፍ ነበር። «እስከ ጥምቀት ታግሼሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ወይ ከባንዲራው በፊት ትደርሳለህ፣ ወይ ይህን ተረክበህ እዚሁ ታድራለህ። ሚስትህን ቅዳሜ ቅዳሜ ታያታለህ።»

ይግዛው ያን ቀን የሰሌዳውን ጽሕፈት ሁለቴ ተሳሳተ። ቁልፉ ከዓይኑ አልጠፋ አለው። በቅሎ መግዛት ከአስተማሪ ደሞዝ በላይ ነው፤ መኖዋም አለ፣ ጠባቂዋም አለ። ቤቱ ሲደርስ ግን የቆረጠው ነገር ነበር።

«ብስክሌት እገዛለሁ» አላት ደስታነሽን፣ ገና ደጁን ሳይዘጋ። «ደሴ እያለሁ እሑድ እሑድ እየተከራየሁ ነድቻለሁ። መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ የመረሬው አፈር ጭቃ አያስነዳም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው።»

«አባባ ይሰማሉ» አለች ደስታነሽ እየሳቀች።

እውነትም ሰሙ። አባቷ አቶ ደምለው በአካባቢው በቅሎ በመምረጥ የታወቁ ናቸው። እሳቸው ዞረው ሳያዩለት በቅሎ የገዛ ሰው ኋላ ነውር ቢወጣባት የሚያዝንለት የለም። ጠዋቱን ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና «እኔ እያለሁ አማቼ የሚቀመጥበትን ብቻውን አይገዛም» አሉ። በሞጣ የገበያ ቀን ሁለቱ በጭነት መኪና ተሳፍረው ሄዱ።

ሞጣ ላይ ብስክሌት የሚሸጠውም የሚጠግነውም ሐምዱ ነው። ከመስጊዱ በታች ባለው ሱቁ አቡጀዲ ይቀድዳል፣ ጋዝ ይሰፍራል፣ በዚያውም ካላማዳሪ ይለጥፋል። ሦስት ብስክሌቶች አውጥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈላቸው።

አንደኛዋ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ማሸጊያ ወረቀቷ ገና ያልተላጠ አዲስ ናት። ይግዛው ዋጋዋን ሲሰማ ወደ ቀጣይዋ ዞረ። ሁለተኛዋ ለእሽቅድምድም የተሠራች ቀይ የጣሊያን ኮርሳ ናት፤ ጎማዋ ጣት ያህል የቀጠነ፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ካምቢዮ ያላት፣ ፔዳሏ ላይ እግር ማሰሪያ ጠፍር የተበጀላት። ሦስተኛዋን አንዲት የሚሲዮን ነርስ ናት ትታት የሄደችው፤ አረንጓዴ ናት። ከመሪው ወደ ኮርቻው የሚሄደው ብረቷ እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም፤ ቀሚስ የለበሰች ሴት እግሯን ሳትሰቅል እንድትሻገር ወደ ታች ሰርጉዷል። ፊቷ ላይ ቅርጫት አላት፣ ካቴናዋ በቆርቆሮ ተሸፍኗል፣ የኋላ ጎማዋም ልብስ እንዳይገባበት መረብ ለብሷል።

አቶ ደምለው ዱላቸውን ለይግዛው አስያዙና ሥራቸውን ጀመሩ። እንደ ልማዳቸው ከኋላ በኩል ራቅ ብለው ዞሩ።

«አባቴ፣ እነዚህ አይራገጡም» አለ ሐምዱ።

«እንዲህ ያለኝ ነጋዴ ነው ጉልበቴን ያስሰበረኝ» አሉና ኮርሳዋ ፊት ቆሙ። ጎማዋን ዳሰሱ፣ ብረቷን በጣታቸው አንኳኩ። «ቅልጥሟ ቀጭን ነው። አንገቷ ረጅም፣ ሆዷ የተሰበሰበ። ይህች ሰጋር ናት። ይኸው፣ እርካብም አላት!» አሉ ጠፍሩን ይዘው።

ይግዛው በበኩሉ ፍሬኗን ጨብጦ ገፋት፣ አንሥቶ ክብደቷን መዘነ፣ የኋላ ጎማዋን አሽከርክሮ ይወዛወዝ እንደሆነ አየ። ምንም አልነበረባትም። ቀላል ናት፣ ትበራለች። እሱ የሚፈልገው ደግሞ መብረር ነው። ለወጉ ያህል «ይህችስ?» አለ ወደ አረንጓዴዋ እያመለከተ።

«ኧረ ተወኝ! ጀርባዋ ሰርጉዷል። ሸክም የፈጃት ናት።»

«አባባ፣ ሲሠሯት ነው እንደዚያ ያደረጓት።»

«ከእናቷ ሆድ ሰርጉዳ ከወጣችማ የባሰ ነው!»

ሐምዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ሱቁን ተደገፈ። «ወላሂ፣ ሞጣ ውስጥ እስካሁን እሷን የጠየቀኝ ወንድ የለም። ለዚህ ነው ከሁሉም የረከሰችው።»

ኮርሳዋ ተወሰደች። እንደ በቅሎ ወግ አቶ ደምለው ዋስ ሆኑ፤ ሳምንት ትፈተናለች፣ ነውር ከተገኘባት ትመለሳለች፣ መላሹም ነውሯን በአፉ ይናገራል።

የጥምቀት በዓል አልፎ ትምህርት በተከፈተ ማለዳ ይግዛው ጋቢውን ደርቦ ወጣ። የከተማውን ዳር እንዳለፈ ጉልበቱን ሰጣት። ኮርሳዋ እውነትም በረረች። ጠጠሩ ጥርሱን ቢያንገጫግጨውም ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ዛሬ ልጆቹ የሚወራረዱበት ያጣሉ።

ከዚያ የማርያም ደጅ ደረሰ።

በዚያ አገር ተቀምጦ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያልፍ የለም። ይግዛው ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ የቀኝ እግሩን ጠፍር ፈታ፣ የግራውን ፈታ፣ እግሩን በኮርቻው ላይ አሻግሮ ወረደ፣ ተሳለመ። መልሶ ሲወጣባት ደግሞ ጋቢው ካቴናው ውስጥ ገባ። እሱን አላቆ፣ እግሩን አስሮ፣ ገና መፍጠን ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ከነዘንጋቸው ብቅ አሉ። ለሽማግሌ ይወረዳል። ፈታ፣ ወረደ፣ «እንዴት አደሩ» አለ፣ ስለ ከብቱም ስለ ልጁም ተጠየቀ፣ ወጣ፣ አሰረ። ከዚያ ቀብር የሚሄዱ ሰዎች መጡ። እነሱ እስኪያልፉ ቆሞ ጠበቀ፤ ቆሞም እግሩ አላርፍ ብሎት መሬቱን ይቆፍር ነበር።

ቀጥሎ የመጡትን አዛውንት ባይወርድ ምን ይሆናል ብሎ አንገቱን ብቻ ደፍቶ አለፈ።

«ኧረ ይኼ የማን ነው? ከነበቅሎው የሚያልፍ!» የሚል ጩኸት ከኋላው ተከተለው። ጆሮው ጋለ። እየተቆጣ፣ እየቸኮለ ሲነዳ መታጠፊያው ላይ አንድ ቄስ ፊት ለፊት ገጠሙት። ፍሬን ያዘ፤ እግሩ ግን ታስሯል። እንደ ተቆረጠ ዛፍ በጎኑ ሄዶ እግራቸው ሥር ተዘረጋ።

ቄሱ ቁልቁል አዩት። «ይበቃል፣ ልጄ፣ ይበቃል! ለጳጳስ እንኳ እንዲህ አይሰገድም» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙት።

ጉልበቱ እየደማ ከግቢው ሲደርስ መዝሙሩ እያለቀ ነበር። አቶ በላቸው አልተቆጡም። ቁልፉን አውጥተው አሳዩትና መልሰው ከተቱት።

«ለመጨረሻ እስከ ሰኞ።»

ማታ ደስታነሽ ጉልበቱን አዮዲን ቀባችለት። እሱ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏት ጥጡን ይዛ ተከተለችው።

«ዛሬ ክሊኒክ የመጣ በሽተኛ ሁሉ ‹ባልሽ ሰላምታ ተወ አሉ› እያለኝ ነው የዋለው። አንተን ቀድሞህ ነው ወሬው የገባው።»

«ደስታነሽ፣ ገባኝ» አለ ድንገት ቆም ብሎ። «ጊዜዬን የሚበላው መንገዱ አይደለም፤ መውረዱ ነው። በእግሬ ስሄድ እየተራመድኩ ጎንበስ እላለሁ፣ እየተራመድኩ እጅ እነሣለሁ። ብስክሌት ስመርጥ የምትሮጠውን አየሁ እንጂ የምታስወርደውን አላየሁም። ያቺ አረንጓዴዋ ግን አንድ እግር መሬት ማውረድ ብቻ ነው። ካቴናዋም ተሸፍኗል፣ ጋቢ አይበላም።»

ደስታነሽ አፏን በእጇ ያዘች። «የሴቷን? ቢቸና ይስቅብሃል።»

«ይሳቅ። ሳቅ አያስረፍድም።»

«እሺ፣ አባባን ማን ይነግራቸዋል?»

«አንቺ።»

«የወደቅከው አንተ!»

ነገራቸው። «እኔ ደምለው በዕድሜዬ ጀርባዋ የሰረጎደ አስገዝቼ አላውቅም» አሉ አቶ ደምለው። «ከፈለግህ ሂድ። እኔ ግን አብሬህ አልታይም።»

ኮርሳዋን ጭኖ ብቻውን ሞጣ ሄደ። ሐምዱ ኮርሳዋን ዞሮ አያትና «ነውሯን ተናገር እንጂ ጋሽ መምህር፣ ወጉ እንደዚያ ነው» አለው።

«አታስወርድም።»

«እኔ ሰው ብስክሌት የሚገዛው ሊወጣባት ይመስለኝ ነበር!» አለና አረንጓዴዋን አቧራዋን ጠርጎ፣ ጎማዋን ነፍቶ ሰጠው። የረከሰች ስለነበረች ከኪሱ የተረፈው ለትርፍ ካላማዳሪና ለመንፊያም በቃ።

ሰኞ ማለዳ ይግዛው ገና ከሰፈሩ ሳይወጣ ሳቁ ተጀመረ። ውሃ ቀጂዎቹ «መምህር፣ ቀሚስዎን ሰብሰብ!» አሉት። ፔዳሏን ረገጠ። የማርያም ደጅ ደረሰ፤ አንድ እግሩ መሬት ነካ፣ ተሳለመ፣ ሄደ። ባለፈው ያለፋቸውን አዛውንት አገኘ፤ ወርዶ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ መረቁት፣ ሄደ። ልቡ ግን አላረፈም። ከኋላው የሚያባርረው ያለ ይመስል ሰማዩን ያያል፣ መንገዱን ያያል።

ከመታጠፊያው ወዲህ አንድ ሰው በቅሎ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ዘግቶ አየ። አቶ ደምለው ነበሩ።

ይግዛው ከአረንጓዴዋ ዱብ አለ። «አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

«መቼ ወረድክ?»

«አሁን።»

«አላየሁህም። እስቲ ውጣና ደግመህ ውረድ።»

ውስጡ እየነደደ ወጣ፣ ወረደ። አቶ ደምለው ከበቅሏቸው ወደ ፊት አጎንብሰው ሰርጓዳውን ብረት አዩት፣ እግሩን አዩት።

«እንደገና።»

«አባባ፣ በማርያም! ባንዲራው!»

«እ? ለካስ ትቸኩላለህ!» በቅሏቸውን ወደ ዳር ገፉ። «ታዲያ ምን ትገተርብኛለህ? ሂድ እንጂ! ሂድ!» ርቆ ከሄደም በኋላ ድምፃቸው ደረሰው፤ «ጀርባዋ ግን ሰርጓዳ ነው!»

ግቢው ሲገባ አቶ በላቸው ገመዱን ይዘው ባንዲራውን ገና እያሰሩ ነበር። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ ዞር ብለው አዩት፤ እሱን አዩ፣ ቅርጫቷን አዩ። አልሳቁም። ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ለዘበኛው ሰጡ።

«ያቺን ቤት ክፈትና ጠመኔውን አስገባበት» አሉ። «በል ና፣ መምህር ይግዛው፣ ገመዱን ያዝልኝ።»

መዝሙሩ አለቀ፣ ልጆቹም ሊሰለፉ ተንጋጉ። ደወሉ እስኪደወል ጥቂት ጊዜ ተረፈው። ይግዛው ትርፍ ጊዜ ይዞ ስለማያውቅ ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው፤ ግቢውን ዞረ፣ የጎማዋን ንፋስ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየ። ቅርጫቷ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አገኘ። ደስታነሽ ናት፤ ትናንት የጋገረችው ዳቦ ነው።

የክፍሉ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ቆረሰና አንዴ ጎረሰ። ሁለተኛውን ሲቆርስ ግን ዓይኑ ጉብታው ላይ ሄዶ ቀረ፤ ተነሥቶ ቆመና፣ ማታ በየትኛው በኩል ቢመለስ ቀብርም ሽማግሌም እንደማይበዛበት እያሰላ ቆሞ ማኘኩን ቀጠለ።