ዜሮ የሰጠሁት መልስ

እኔ አክሲዮን ገዝቼ አላውቅም። ቺፕ የሚባለውም ስልክህ ውስጥ አለ ስለተባልኩ ነው የማምነው። ሆኖም ሰመራ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎችን ስለ አክሲዮን ዋጋ ሳስተምር እንደ ሊቅ ነበር የምንጎራደደው። ደገኛ ነኝ፤ ዲግሪዬን ይዤ ቆላ ስወርድ ዕውቀትም አብራኝ የወረደች ይመስለኝ ነበር።

ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበረኝ፤ ሁለት ቺፕ አምራቾች እኩል ያተርፋሉ፣ ባለሀብቶች ግን የአንዱን አክሲዮን ከሌላው እጅግ አስወድደው ይገዛሉ፣ ለምን? ጥያቄውንም ማረሚያውንም የወረስኩት ከእኔ በፊት ከነበረው መምህር ነው። ማረሚያው «ገበያው ስለተሳሳተ ነው፤ ውሎ አድሮ እኩል ይሆናሉ» ይላል። እውነት ይሁን አይሁን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ከተማሪዎቼ አንዱ ሎጊያ ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ከወሎ የመጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው። ዲፕሎማውን ከያዘ የጋራዡን መለዋወጫ ግዢ እንደሚረከብ ቃል ተገብቶለታል። እሱ የጻፈው ሌላ ነው። «ሙቀትና ግፊት የሚለካው ሴንሰር ከየሱቁ ይገኛል፣ አንዱ ቢያስወድድ ከሌላው እንገዛለን። የሞተሩ ኮምፒውተር ግን ፕሮግራሙ የራሱ ነው፣ መፈተሻ ማሽናችንም የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ሹፌሩ ጭነቱን እንደጫነ ሳምንት ቆሞ ይጠብቀዋል እንጂ ሌላ አይገጥምለትም። ቺፕም እንዲሁ ይመስለኛል፤ ባለሀብቱ የሚያየው የዘንድሮውን ትርፍ ብቻ ሳይሆን ደንበኛው ከርሞም ትቶት መሄድ አለመቻሉን ነው።»

ማረሚያዬ ላይ ስለሌለ ዜሮ ሰጠሁት። ዜሮው አልበቃኝ ብሎ ወረቀቱን ክፍል ውስጥ አነበብኩና «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። እዚህ ጋራዥ አይደለም» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ለማለት ሞከረ። በዚያች ዜሮ የተነሳ ትምህርቱን ወደቀ፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም።

ከወራት በኋላ አዋሽ ሰባት ኪሎ አንድ ሆቴል ውስጥ ለመምህራን በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ተቀመጥኩ። አሰልጣኙ ያንኑ ጥያቄ አነሳ። አንድ ሰው ልክ እንደ ማረሚያዬ ሲመልስ «አይደለም» አለ። «በቀላሉ የሚተካ ቺፕ የሚሸጥ ኩባንያ ዛሬ ቢያተርፍ እንኳ የነገው አይታወቅም። ሌላው ግን ደንበኞቹ ሥራቸውን ሁሉ በእሱ ቺፕ ላይ ስለገነቡ በቀላሉ አይተዉትም። ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ያለው አለ?»

እጄን አወጣሁ። ሴንሰሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ ቆሞ የሚጠብቀውን ሹፌር፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ከየት እንዳገኘሁት ሲጠይቀኝ «መንገድ ላይ ከማየው ተነስቼ ነው» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ምሳ ላይ ያ ዜሮ ትዝ ሲለኝ ጥብሱን ትቼ ተነሳሁ።

በማግስቱ ወደ ሰመራ ስመለስ ሎጊያ ላይ ከመኪና ወርጄ ጋራዡ ሄድኩ። ያ ተማሪዬ ከአንድ ከባድ መኪና ጋቢና ወርዶ፣ እጁ ግራሶ ስለነካው ክንዱን ዘረጋልኝ።

«መምህር፣ ደህና ነዎት?»

«መልስህ ልክ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ውጤትህን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።»

ጓደኞቹ የግዢው ሥራ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገሩኝ። እሱ ግን ያንን አላነሳብኝም፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እኔ እኮ መምህር፣ ከዚያ ወዲህ ጭንቅላት የለኝም ብዬ ነበር። እዚህም ሐሳብ ሲጠይቁኝ እናንተ ታውቃላችሁ እላለሁ። ታዲያ ልክ መሆኑን በምን አወቁ?»

አዋሽ ላይ ያደረግኩትን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ አፍሬ ዘጋሁት።

«ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አሰልጣኝ ነገረን» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ፊቱ በርቶ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? የአዲስ አበባው ሰውዬ እኔ ያሰብኩትን አሰበ። መምህራችን ይኸው ይህንን ሊነግረኝ ብሎ ከመኪና ወረደ።»

አንዱ ተነስቶ ወንበር አቀረበልኝ፣ እኔም ተቀመጥኩበት።