የእናቴን በርጩማ የነካው ውሃ

ሁሉም የጀመረው አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እናቴ ሐይቁ ዳር ቡሹሎ መንደር ባለው ቤታችን ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ አያቴ ሳሏት። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሐይቅም በቀጭን ሰማያዊ መስመር አሰመሩት።

ከዚያ ወዲህ ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ጣት ያህል ወደ እናቴ አስጠግተው አዲስ መስመር ያሰምሩ ነበር።

“አባባ፣ በቁሜ ሊያሰጥሙኝ ነው እንዴ?” ትላቸዋለች እየሳቀች።

“ከመስመጥሽ በፊት እንድትነሺ ነው እንጂ፣ ልጄ።”

ሥዕሉን ታቅፈው ከቀበሌ ስብሰባ አይቀሩም። ፊት ለፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ኮረብታው ላይ ዛፍ ሲቆረጥ አፈሩ ታጥቦ ሐይቁን እንደሚሞላው፣ ውሃውም ወደየቤታችን እንደሚመጣ ይናገራሉ።

“ባለሥዕሉ መጡ! አባባ፣ ዘንድሮስ የት ደረሰ?” ይሏቸዋል ተሰብሳቢዎቹ እየሳቁ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ አንገቴን እደፋለሁ። ይህንኑ ዩኒቨርሲቲ ተምሬው ሳለ፣ አንድ ቀን እንኳ ተነስቼ “እውነታቸውን ነው” አላልኩም።

በዚህ ክረምት አያቴ አረፉ። የለቅሶው ድንኳን በፈረሰ ዕለት ሥዕሉን ቀረብ ብዬ አየሁት። የመጨረሻው መስመር የበርጩማውን እግር ነክቷል። ወደ ደጅ ወጣሁ። ሐይቁ አጥሩን አልፎ ገብቷል፤ እናቴ ትታው የገባችው በርጩማ እግሮቹ ውሃ ውስጥ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌው ስብሰባ ነበረው። ሥዕሉን ታቅፌ ገባሁና መስኮቱ አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀም። እጄን አወጣሁ።