በአጎቴ ሚስት ላይ መሰከርኩ

ትናንት ጠዋት ሆሳዕና ከተማ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተነበበልን። የሟች አጎቴ ቤት ለአባቴና ለታናሽ ወንድሙ ሆነ። አማረች ልቀቂ ተባለች...

አማረች ከአጎቴ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። ልጅ አልወለዱም። እሷ ከዚያ በፊት አግብታ የፈታች ስለነበረች ቤተክርስቲያን አላጋባቸውም፤ ማዘጋጃ ሄደውም አልተፈራረሙም። ቦታውን አብረው ገዙ፣ ጭቃውን አብረው አቦኩ። ካርታው ግን በእሱ ስም ብቻ ነው። አጎቴ በድንገት ሲሞት ኑዛዜ አልነበረውም።

ጠበቃችን ሲያስረዳን፣ ኑዛዜ ከሌለ ሚስትም ብትሆን አትወርስም፤ የምትወስደው አብረው ካፈሩት ግማሹን ነው አለ። ለዚያም ቢሆን እንደ ባልና ሚስት መኖራቸው መረጋገጥ አለበት። ይሄኔ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ሠራተኛ ነበረች በል። እዚያ ቤት የኖርከው አንተ ነህ፣ አንተን ያምኑሃል።»

እውነቱን ነው፣ ኖሬያለሁ። ከሆመቾ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጥቼ አራት ዓመት የያዘችኝ እሷ ናት። አባቴን እምቢ ማለት ግን አልቻልኩም።

የምስክርነቱ ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ማልኩ። ምግብ ታበስል ነበር፣ ልብስ ታጥብ ነበር፣ ከዚያ ውጪ አላውቅም አልኩ። በልቤም አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ዳኛዋ አማረችን ምስክሩን የምትጠይቂው ነገር አለ ወይ አሏት። ጠበቃ የላትም። ብድግ አለች። ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም።

«ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ሲሉህ ማንን ነበር የምትወስደው?»

አባቴ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ...

«አላስታውስም» አልኩ።

ትንሽ አየችኝ። «በቃኝ» ብላ ተቀመጠች።

ጎረቤቶቿ ሚስቱ ናት ብለው መስክረውላት ነበር። ትናንት ውሳኔው ሲነበብ ግን ከእነሱ ቃል ይልቅ የተጠቀሰው አብሯቸው የኖረው የወንድም ልጅ ቃል ነው። የኔ።

ስንወጣ አባቴ «ጌታ ይመስገን» አለ። ቀጥሎም ትከሻዬን ይዞ፣ ከቤቱ መንገድ ዳሩ ላይ ያለችው ክፍል ያንተ ናት አለኝ።

አሜን አላልኩም... እምቢም ግን አላልኩም።