ገፊው ብረት

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «መድኃኒት» ነው የሚለው። የስፌት መኪና ቢቆም፣ ሚዛን ቢዛባ፣ የወፍጮ ቺንጋ ቢበጠስ፣ «መድኃኒትን ጥሩት» ነው። እኔን ግን ገና በር ላይ ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ግሪስ የነካ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ስለት ይሞክራል። እጁን የሚጠርገው በራሱ ጨርቅ አይደለም፣ በደንበኛ መጋረጃ ነው። ሥራ ሲጨርስ ደግሞ ካንቺው ሳጥን ሚስማር አንስቶ ጥርሱን ይጎረጉርና መልሶ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። በዚያ ሚስማር እንግዲህ የሙሽራ ፎቶ ፍሬም ልገጥም ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ የፍሬም ማሽን የሚያውቅ ከሱ ሌላ ስለሌለ እንጠራዋለን።

የፍሬም ማሽን ስል ማዕዘን መግጠሚያውን ነው። ሰያፍ የተቆረጡ ሁለት ጣውላዎችን አፍ ላፍ ገጥመሽ ታስቀምጫለሽ፤ ፔዳሉን ስትረግጪ ከሥር አንድ ቀጭን ብረት ይነሳና የታጠፈውን ሚስማር ወደ ጣውላው ይገፋዋል። ያንን ብረት ገፊ እንለዋለን። ጣት የምታህል ነገር ናት፤ እሷ ከሌለች ግን ያ ሁሉ ብረት ዋጋ የለውም። ማሽኖቹን የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ገፊ የሚሸጥ ሱቅም የለም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ዘመዴ አይደሉም፣ ግን አባት ሆነውኛል። የገጠምኩትን ማዕዘን ያነሱና ጥፍራቸውን ይሞክሩበታል፤ ጥፍር ከገባ ፍሬሙን ጉልበታቸው ላይ ቀጭ አድርገው ሰብረው «እንደገና» ይላሉ። መጀመሪያ ያሠሩኝ ዕቃ ማጠብ ነበር። በያንዳንዱ ዕቃቸው ላይ በሞረድ ሦስት ጭረት አለ፣ ሁለቱ ቀጥ ያሉ አንዱ ሰያፍ። በቤንዚን ሳጥባቸው ኖሬ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያቸዋለሁ። ኋላ «አሁን ውጪና የራስሽን ሱቅ ክፈቺ» ብለው ያስወጡኝም እሳቸው ናቸው።

አምና የጋሼ ማሽን አልረገጥ ብሎ ከበዳቸውና መድኃኒትን ጠሩት። ፈታታው፣ ለሁለት የተሰበረ ገፊ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው፣ «አለቀላት፣ ምትክም የላት» አላቸው። ጋሼ ሱቁን ዘጉ፣ ደንበኞቻቸውን ወደኔ ላኩ፣ ማሽኑን ቤታቸው ወስደው አንሶላ አልብሰው ቴሌቪዥን አስቀመጡበት። እንደዚያ ቶሎ እጅ መስጠታቸው ጨርሶ አልገባኝም። «ቆይ እስቲ ይፈለግ» ስላቸው «ይብቃኝ ልጄ» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ። የትምህርት ቤቱ የተመራቂዎች ፎቶ እጄ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ወላጆች ሳይመጡ ግድግዳ ላይ መዋል አለበት። ርእሰ መምህሯ ፊት ለፊት ነው የነገረችኝ፤ ካልደረሰ ሥራው ለዘለቄታው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ዓመቱን የሚያቆመኝ ደግሞ እሱ ሥራ ነው። ይኼኔ ነው ገፊዬ ቅርጥፍ ያለችው። በመዶሻ ሞከርኩ፣ ጣውላው ተሰነጠቀ። ብየዳ ቤት አሠራሁ፣ በመጀመሪያው እርግጫ ተጣመመች። መለዋወጫ ሻጩ ስባሪውን አገላብጦ አየና «ይቺማ ለጥርስ መጎርጎሪያም አትሆን» አለኝ። አንጀቴ ቅጥል እያለ መድኃኒትን ጠራሁት።

በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። «ከባሕር ማዶ ነው ያስመጣሁልሽ፣ ስንቱን ለምኜ» አለ። ባሕሩ ባንድ ሌሊት ምን ያህል እንደጠበበ እንጃ። ገጠማት፣ ረገጥኩ፣ ሠራች። ደስ ብሎኝ የተለቀለቀችው ግሪስ ፎቶ እንዳያበላሽ በጨርቅ ስጠርጋት ጣቴ ጭረት ነካ። ሁለት ቀጥ ያሉ፣ አንድ ሰያፍ።

«ይቺ የጋሼ ናት» አልኩት።

ሚስማር አንስቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር፣ አላቋረጠም። «ብትሆንስ?»

«ተሰብራለች ብለህ አልነበረም?»

«የተሰበረ አሳየሁት፣ የሌላ ማሽን። እህቴ፣ ተረጋጊ እንጂ። ሽማግሌው በሳምንት አንድ ፍሬም ቢሠራ ነው። እዚያ ተቀምጣ ከምትዝግ ሥራ ላለው ሰው ብትደርስ ምን አለበት? ደንበኞቹስ ወዴት ሄዱ? ወዳንቺ አይደል? ማመስገን ሲገባሽ።»

ዓይን አውጣ ሌባ አይቼ አውቃለሁ፤ ሰርቆ ሲያበቃ ውለታ የሚቆጥር ግን ይኸው አየሁ። ይባስ የሚያስጸይፈው ደንበኞቹ እውነትም ወደኔ መምጣታቸው ነው። «ያንን ሚስማር ይዘኸው ውጣ፣ ደጄንም እንዳትረግጥ» አልኩት። ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ እጁን በመጋረጃዬ ጠረገ።

የተቆረጠው ጣውላ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ቅዳሜ ይለፍና እመልሳለሁ፣ ጋሼ እንደሆኑ ዘግተዋል፣ ምን አለበት ብዬ አሰብኩ። «ምን አለበት» ስል የሰውየው ድምፅ ከራሴ አፍ የወጣ መሰለኝና ራሴንም ተጸየፍኩት። ገፊዋን ፈትቼ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩና ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

ጋሼ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን እያዩ ተቀምጠው ነበር። መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። መነጽራቸውን ፈለጉ፣ ከዚያ መፈለጉን ተዉትና በአውራ ጣታቸው ጭረቶቹን ዳሰሱ።

«ሙሉ ናት» አሉ።

«ሙሉ ናት ጋሼ። ተሰብራም አታውቅ።» የሆነውን አንድ ባንድ ነገርኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ ቢያጥራቸው የማበድራቸው ሞልቶኛል። እሳቸው ግን ቀኝ እግራቸውን አዩት።

«እኔ እኮ እግሬ የሰበራት መስሎኝ ጭረቷን እንኳ አልዳሰስኩም» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ስረግጥ ኖሬ የእርግጫዬን መጠን ያጣሁ መሰለኝ። ነገ ደግሞ የሰው ፎቶ አበላሻለሁ ብዬ ነው የዘጋሁት።»

ያ ጥርሱን በሚስማር የሚጎረጉር ሰው የወሰደባቸው ብረት ብቻ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። የማውቀውን እርግማን ሁሉ አወረድኩበት። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ትእዛዝ አለሽ?»

«የተመራቂዎቹ አለ። ለቅዳሜ።»

ተነሡ። «ይቺን በዚያ በኩል ያዢልኝ» አሉና ቴሌቪዥኑን አብረን መሬት አወረድነው፣ አንሶላውን ገፈፉት። ገፊዋን ራሳቸው ገጠሙ። ብሎኑ ሁለቴ አመለጣቸው። ልያዝልዎ ለማለት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከማሽኑ ሥር ሁለት ቁራጭ ጣውላ አውጥተው አፍ ላፍ ገጠሙና እግራቸውን አነሡ። እግሩ ከፔዳሉ በላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ረገጡ።

ማዕዘኑን አንስተው አላዩትም፣ ለኔ ሰጡኝ። «እስቲ ጥፍርሽን ሞክሪበት» አሉኝ። በላይም በሥርም፣ በውስጥም በውጭም ሞከርኩ።

«አይገባም» አልኳቸው።

«እንግዲያው የተመራቂዎቹን ጣውላ ይዘሽው ነይ።» እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ አላነሡም።