ወንበር ከተረፈ

እትዬ ማንጠግቦሽ በማለዳ በርህን ካንኳኩ እግዜር ይድረስልህ። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ግን የደብረ ማርቆስ ሰፈራችን ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው ሲሄዱ እሳቸውን ያስቀድማሉ። እሳቸውም ከዋዜማው ጎረቤት ልከው መርዶ የሚነገረው ሰው እራት መብላቱን ያስጠይቃሉ፤ ካልበላ ሰበብ ፈጥረው ያበሉታል። ከሩቅ የሚጠራ ከሆነም በስልክ አያረዱትም፤ እህል ቀምሶ እንዲነሣ ብቻ ይመክሩታል። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ከሰማ በኋላ እህል በአፉ አይዞርም» አሉኝ። «ለማልቀስም አቅም ያስፈልጋል።»

ባለፈው ክረምት ወንድማቸው አስማማው አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባ። ሚስቱ የኔአለም ደውላ፣ ስማቸውን እየጠራ ስለሆነ ዛሬውኑ እንዲደርሱ ነገረቻቸው። የደጀን መንገድ ተዘግቶ አውቶቡስ ወደ ዓባይ በረሃ አይወርድም ነበር። የቀረው አውሮፕላን ነው። ቲኬት ቆረጥንና ሻንጣቸውን ይዤ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘኋቸው።

ለካ ትንሿን አውሮፕላን የሚያበረው የግል ድርጅት ከወንበሩ በላይ ቲኬት ሸጦ ኖሯል። ቲኬት የምታየው ልጅ ከመስኮቱ ጀርባ ሆና፣ የሚቀር ሰው ካለ ይገባሉ፣ እስከዚያ ጠብቁ አለችን። አውቶቡስ እንኳ ሰው ሲተርፈው ዱካ ያቀርባል! ብቆጣት፣ ሰማዩ ስለተዘጋ በረራውም ዘግይቷል ብላ መለሰችልኝ።

እውነትም ደመናው የጮቄን ተራራ ራስ ውጦ ወደ እኛ እየወረደ ነበር። አጠገባችን ያሕያ የሚባል ወጣት የጨርቅ ነጋዴ፣ እንደ እትዬ ትርፍ ሆኖ ይንቆራጠጣል። እናቱ እዚያው አዲስ አበባ በጠና ታመው እህቱ ቶሎ ና እያለች ትደውልበታለች። የኔአለምም እትዬን እንዲቸኩሉ ደጋግማ ወተወተቻቸው። ከዚያ ስልካቸው ዝም አለ። ዝምታው አስፈራኝ፤ ለእሳቸው ግን ኔትዎርክ ይሆናል አልኳቸው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ደወለች። እትዬ ወንበር አለማግኘታቸውን ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል እያፈሩ ነገሯት። የኔአለም አልተቆጣችም። ድምፅዋ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«ግድ የለም፣ ቀስ ብለው ይምጡ» አለች። «እህል ቀምሰዋል?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዛወሩ።

«ቀምሻለሁ» አሉ።

ውሸታቸውን ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልጠጡም። ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ተቀመጡ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ብጠብቅ አላለቀሱም፤ እኔን ግን እንባዬ ቀደመኝ። ምን ብዬ ላጽናናቸው? የማጽናኛውን ቃል ሁሉ የምናውቀው ከእሳቸው ነው።

ደመናው ጥቂት ሲገለጥ ልጅቷ መጣችና አንድ ወንበር ተርፏል፣ ማንጠግቦሽ ማን ናት አለች። ያሕያ አንገቱን ደፋ። እትዬ ተነሥተው ክንዱን ያዙና ወደ ልጅቷ ገፋ አደረጉት።

«ሂድ ልጄ» አሉት። «አንተን ገና እያቻኮሉህ ነው።»